ባለ ሁለት ስልኩ ለቀስተኛ

የራሱን መርዶ በስልክ የሰማ ሰው ሮቤ ውስጥ ከእኔ ሌላ ካለ እባካችሁ ላኩልኝ፤ ጎን ለጎን ተቀምጠን የምንጫወተው አናጣም። እስኪመጣ ድረስ ለእናንተ ላውራችሁ። አትቸኩሉ፤ እኔም አልቸኩልም። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳስቸኩል ኖሬ አሁን ተራው የኔ ነው።

ሥራዬ ጡሩምባ መንፋት ነበር፤ የእድር ጡሩምባ። ሰው ሲሞት ማለዳ ተነስቼ፣ ጋቢዬን ደርቤ፣ በየመንደሩ እየዞርኩ እነፋና "እገሌ አርፏል! ቀብር ስድስት ሰዓት ነው! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ!" እላለሁ። እናትና አባቴ ያወጡልኝ ስም ተረስቶ "ጋሽ ጡሩምባ" ሆኜ ቀረሁ። ሰው ይወደኛል፣ ግን ከሩቅ ነው። ሽንኩርት ልገዛ ገበያ ስወጣ እንኳ ባሏ የታመመባት ሴት ታየኝና ትደነግጣለች።

"በስመ አብ! ወዴት ነህ ዛሬ?"

"ሽንኩርት ፍለጋ።"

"እውነትህን ነው?"

ሽንኩርቱን ካላሳየኋት አታምነኝም።

ጡሩምባ መንፋት ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የባሌ ብርድ በጥቅምት ማለዳ ከንፈርን ከቆርቆሮ ጋር ያጣብቃል። ለባለጸጋ ረዘም አድርገህ ለድሃ አጠር አድርገህ ንፋ ያሉኝም ነበሩ። እኔ ትንፋሼ እስከሄደ ድረስ ነው የምነፋው። በኋላ ትንፋሼ ራሱ ሲያጥር ለሁሉም እኩል አጠረ።

እኔ ለመንፋቱ እንደነበርኩ ሁሉ ለመምጣቱ ትርፌ ነበረች። ወይዘሮ ትርፌ መናኸሪያው በር ላይ ቆሎ ትሸጣለች። ወደ አጋርፋም ወደ ጎሮም የሚሄደው መንገደኛ የእሷን ገብስ ሳይዝ አይሳፈርም። አፏ ውስጥ የቀረችው ጥርስ አንዲት ስለሆነች እሷ ራሷ ቆሎ ከቀመሰች ብዙ ዘመን ሆኗል። "ሙዝ ብትሸጪ ምናለ" እላት ነበር፤ "አንተስ ሳትሞት መርዶ ትነግር የለ" ትለኛለች። ባሏን ቀብራለች፣ አንድ ልጇን ቀብራለች፤ ከዚያ ወዲህ የቀራት ዘመድ የሰው ለቅሶ ነው። ጡሩምባዬ ከጮኸ ትርፌ ቆሎዋን ከድና፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትነሳለች። የሟቹን ስም ሳትሰማ መንገድ የጀመረችበት ጊዜ አለ። ድንኳን ውስጥ ውሃ የምትቀዳው እሷ፣ ሰሃን የምታጥበው እሷ፣ የሚያለቅስለት የለም ያልኩትን ሟች ጭምር ስታለቅስለት የምትውለው እሷ ናት። ከቀብር ስንመለስ ግን ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነበራት።

"ለኔስ ሰው ይመጣል?"

"ላንቺማ ከተማው ይገለበጣል።"

"አይ፣ ሰው የሚመጣው ለሟች አይደለም፤ ለቀሪው ነው። ነግ በኔ ብሎ፣ ቀሪው እንዲያየው ነው። እኔ ማን ቀሪ አለኝና?"

"ጡሩምባው የማን እጅ ላይ ነው? ላንቺ ሲሆን ጎባ ድረስ ነው የማሰማው።"

"በል ማልልኝ።"

ማልኩላት። በየቀብሩ ታስምለኝ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ ዘመን መጣ። የእድራችን ጸሐፊ አቶ ደምሴ ከቢሮ ጡረታ የወጡ፣ ከስብሰባ ግን ያልወጡ ሰው ናቸው። አንድ እሁድ ተነስተው "ከተማው ሰፋ፣ አባሉ በዛ፣ ጋሽ ጡሩምባም ደከሙ። ከጎረቤት እድሮች ጋር ተባብረን የጥሪ ማዕከል እናቋቁማለን" አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም ከሰው ጋር አጨበጨብኩ። ከሥራ መውጣቴን የተረዳሁት ቤቴ ገብቼ እግሬን ከታጠብኩ በኋላ ነው።

የጥሪ ማዕከል የተባለው የአዳራሹ ጥግ ላይ የተቀመጠ ኮምፒውተርና ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ የሰካች ጫልቱ የምትባል ልጅ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች፣ አንገቷን የደፋች፣ ሳይደክማት በየማለዳው "አካም ጅርቱ አባባ" ብላ ደህንነቴን የምትጠይቀኝ ልጅ ናት። ሰው ሲሞት ስሙን ነክታ አንድ ነገር ስትጫን የአባሉ ሁሉ ስልክ በአንድ ጊዜ ይጮሃል፤ የተቀዳ ድምፅዋ መርዶውን ይናገራል። ለዚህ ሲባል የሁላችንንም ስም ከነአባታችን እያነበበች አስቀዳች። እኔ በር ላይ ሆኜ እሰማታለሁ። አንብባ ስትጨርስ ምን ገባኝ መሰላችሁ? በሕይወት ያለን ሰዎች ሁሉ መርዷችን ተቀድቶ፣ ቀኑን ብቻ እየጠበቀ ተቀመጠ።

ደግነቱ እኔን አልጣሉኝም፤ የአዳራሹ ዘበኛ አደረጉኝ። ጡሩምባዬን "ቅርስ ነው" ብለው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። እኔንም አብረው አለመስቀላቸውን አመሰግናለሁ።

ዘበኛ በሆንኩ ሰሞን ጫልቱ ምሳ ወጥታ ሳለ ብቅ ብል ወንበሩ ላይ ሰው የለም፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለችው ቀስት ግን ወዲህ ወዲያ ትሮጣለች። ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ትፈትሻለች። አማተብኩና ዱላዬን ይዤ ፊቱ ቆምኩ። ዘበኛ ነኝ፤ ሌባ በበርም ቢመጣ በሽቦም ቢመጣ ያው ሌባ ነው።

"ውጣ!" አልኩት።

"አይዞዎት አባባ፣ እኔ ነኝ፤ ናሆም" አለ ከውስጡ።

"ናሆም የማን?"

"የሲስተሙ ባለሙያ። አዲስ አበባ ነው ያለሁት። ከዚህ ሆኜ ሁሉንም አየዋለሁ።"

"እኔንም?"

"እርስዎን እንኳን አላይም፤ ማሽኑን ነው። የቱ መስመር እንደሚሠራ፣ የቱ እንደተቋረጠ፣ የቱ ስልክ እንደተነሳ፣ ሁሉንም ከዚህ አውቃለሁ። አሁን ለምሳሌ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ገመድ የላላ ይመስለኛል፤ ጠበቅ ያደርጉልኛል?"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነትም ገመዱ ላልቶ ነበር። አጠበቅኩለት። ከዚያ ቀን ወዲህ እሱ ዓይን፣ እኔ እጅ ሆነን ተስማማን። "አባባ፣ ያቺ አረንጓዴ መብራት በራች?" ይለኛል፤ "በርታለች" እለዋለሁ። አንድ ቀን ነቅለው ይሰኩ ሲለኝ የጫልቱን ስልክ ቻርጅ ነቅዬ ስለነበር ከሰዓት ሙሉ እሱ እዚያ ሲጨነቅ፣ እኔ እዚህ ስነቅልና ስሰካ ውለናል። መልካም ልጅ ነው። የገደለኝም ተሳስቶ ነው።

አገዳደሉ እንዲህ ነበር። አቶ ደምሴ ለአገልግሎቴ ክብር ብለው ከአባላቱ ሁሉ ስሜን አንደኛ ላይ አስቀምጠውት ነበር። ናሆም ማሽኑን ከአዲስ አበባ ሲሞክር የመጀመሪያውን ስም ይነካል፤ ለራሱ ስልክ ብቻ ሊልከው ሲል ለሁሉም ይለቀዋል። እኔ የዕረፍት ቀኔ ስለሆነ ቤቴ ጫማዬን እያሰርኩ ነው። ስልኬ ጮኸ። ጫልቱ ናት። "የተከበራችሁ የእድራችን አባላት" ብላ ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ ጠርታ "አርፈዋል። ቀብር ዛሬ ስድስት ሰዓት ነው" አለች።

"ነፍስ ይማር" አልኩ። ምን ልበል ታዲያ?

ሞክሼዬ ነው አልኩ በሆዴ። እስከ አያት የደረሰ ሞክሼ እንዳለኝ ሳላውቅ መሞቱ ቆጨኝ። እኛ ዘንድ ደግሞ መርዶ ከተነገረ "እውነት ነው ወይ?" ተብሎ አይደወልም፤ ነውር ነው። ተነስቶ መሄድ ነው። ቤቱን ስለማላውቀው አስፋልቱ ዳር ወጥቼ ለቀስተኛ ጠበቅሁ። መጣ፤ ብዙ ነው። ጋቢዬን አዘቅዝቄ፣ አንገቴን ደፍቼ ከኋላ ተከተልኩ። በወፍጮ ቤቱ በኩል ታጠፉ፤ ታጠፍኩ። ወደ እኔ ሰፈር ገቡ፤ "ለካስ ጎረቤቴ ነው ምስኪኑ" እያልኩ ገባሁ። ግቢዬ በር ላይ ጎረምሶች ድንኳን ይተክላሉ። አንዱ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ "አባባ፣ እስቲ ይቺን ገመድ ያዙልኝ" አለ። ያዝኩለት። እንግዲህ የራሱን ድንኳን ገመድ ይዞ የቆመ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የነቃሁት በትርፌ ድምፅ ነው። ደረቷን እየደቃች ትመጣለች።

"ጋሽ ጡሩምባ! ሁሉን ጠርተህ ቀብረህ! ለኔ ማን ይንፋልኝ!"

ሳልኩ። ዞር አለች። ነጠላዋን ገፍፋ በእሱ ትገርፈኝ ጀመር።

"ሞተሃል ወይስ አልሞትክም?"

"አልሞትኩም መሰለኝ።"

"ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?"

"ለቅሶ ልደርስ።"

ሴቶቹ ያለቀሱበትን ዓይን ሳይጠርጉ ሳቁ። የሰፈሩ ባለ ሱቅ ከድር ስኳር በከረጢት ተሸክሞ በር ላይ ተገትሯል። "እኔስ ስኳሩን ልመልሰው ወይስ ይቆይ?" አለ። "ይቆይ፤ መቼም አይቀርም" አልኩት። በዚያው ሻይ አፈሉና ሲስቁ ውለው ሄዱ። ትርፌ ግን ሰሃኑን አጥባ፣ ከኋላ ቀርታ፣ በር ላይ ቆመች።

"ታድለህ" አለችኝ።

"በመሞቴ?"

"አየህ አይደል? በሩ ሞልቶ ነበር። ሰው ምን ያህል እንደሚመጣ አይቶ የሚሞት ማን አለ?" ነጠላዋን አስተካከለች። "ለኔ በዚያ ዕቃ እንዳታስጠሩ። ጡሩምባህን ንፋልኝ።"

"ጡሩምባው ተሰቅሏል እኮ።"

"ታወርደዋለህ። ምለህልኛል።"

ናሆም ደውሎ "አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ተሳስቼ ነው የገደልኩዎት" አለኝ። "ምንም አይደል ልጄ" አልኩት። ምስኪኑ ግን ያችን ስህተት ለማረም ሲል ማሽኑን ደጋግሞ ይሞክረው ጀመር። አሁን በስም ሳይሆን በባዶ ነው። ሰው እርሻው ላይ ሆኖ፣ ባጃጁን እየነዳ፣ ሕፃን እያጠበ ስልኩ ይጮሃል። "የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ ይህ ሙከራ ነው።" ማታ ይቅርታ መጠየቂያ ይመጣል፤ እሱም በጫልቱ ድምፅ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ሰው "የተከበራችሁ" የምትለዋን ሲሰማ ይዘጋው ጀመር። ልጅቱን ገበያ ውስጥ ሴቶች ይቆጧታል። "አንቺ ልጅ፣ በስልክ መጨቅጨቁን ብትተይን ምን አለበት?"

በዚህ መሃል ትርፌ ሞተች።

ማለዳ ከድር አዳራሹ ድረስ መጣ። የሱቁን መዝጊያ ሳይገጥም ነው የመጣው። "አባባ፣ ሴትዮዋ ዛሬ መናኸሪያ አልወጣችም፤ ባንኳኳም ዝም አለች" አለኝ። ሄድን። ተኝታ ነበር፤ በቃ። ለቀኑ ያመሰችው ቆሎ ሰፌድ ላይ እንዳለ ነው። ነጠላዋ ደግሞ ምሰሶው ላይ ለለቅሶ እንደሚለበሰው ተዘቅዝቆ ተሰቅሏል። የማንን እንደጠበቀች እንጃ።

ለአቶ ደምሴ ነገርኳቸው። "ጡሩምባውን ላውርድ" አልኩ።

"ኧረ ጋሼ! ለምን ይደክማሉ? ጥሪ ማዕከሉ ለምን ተቋቋመ?"

ጫልቱ እንባዋ እየወረደ ስሟን ነካች። ናሆም ከአዲስ አበባ ሆኖ ይከታተላል። እኔ ጎረምሶቹን ይዤ ድንኳን ላስተክል ሄድኩ። ተተከለ። ወንበር ተደረደረ። ለቀስተኛ ግን የለም። ከድር አለ፣ ሁለት የመናኸሪያ ሴቶች አሉ፣ አንድ የጋሪ ሰው ፈረሱን በር ላይ አስሮ ቆሟል። ባዶ ወንበር እንዲህ እንደሚያስፈራ አላውቅም ነበር። ወደ አዳራሹ ተመለስኩ፤ እሮጥ ነበር ማለት ነው፣ እንደ ዕድሜዬ።

"ናሆም! ጥሪው ሄዷል ወይ?"

"ሄዷል አባባ። እኔ ጋ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ያልተነሳ ስልክ የለም ማለት ይቻላል፤ እንዲህ ያማረ ውጤት አይቼ አላውቅም።"

"እዚህ ግን ሰው አልመጣም።"

ቀስቲቱ ኮምፒውተሩ ላይ ወዲህ ወዲያ አለች። ፈለገ፣ ፈለገ።

"አንስተዋል... ግን ወዲያው ዘግተውታል" አለ ቀስ ብሎ። "ስሟ ሳይጠራ ነው የዘጉት። ሙከራ መስሏቸው ነው።"

ወንበር ላይ ወጥቼ ጡሩምባዬን አወረድኩ። ብነፋው ነፋስ ብቻ ሆነ። አገላብጬ ሳየው ሊሰቅሉት ሲሉ ሆዱን በምስማር በስተውታል። ጫልቱ አየችና ማስቲካዋን ከአፏ አውጥታ ቀዳዳውን ደፈነችው።

"ይንፉ፣ እኔ እናገራለሁ" አለችኝ።

ወጣን። ጡሩምባው እንደ ድሮው አይደለም፤ ጉንፋን እንደያዘው በግ ነው። እኔ እነፋለሁ፣ ትንፋሼ ሲያልቅ ግንብ ይዤ እቆማለሁ፤ እሷ "ወይዘሮ ትርፌ አርፈዋል! የመናኸሪያዋ ትርፌ!" እያለች ትጮሃለች፣ አንዴ በአማርኛ አንዴ በኦሮምኛ። አንድ ሰውዬ በሩን ከፍቶ ስልኩንና እሷን እያፈራረቀ አየ።

"አንቺ የስልኳ ልጅ አይደለሽም? ዛሬስ እውነት ነው?"

"እውነት ነው፣ ዋላሂ እውነት ነው!"

"ትርፌ? ቆሎዋ ትርፌ?" አለና እራሱን ይዞ እዚያው ደፉ ላይ ተቀመጠ።

እንዲህ እያለ ሰው መነሳት ጀመረ። እኛ ግን እግረኞች ነን፤ ከተማው ደግሞ አቶ ደምሴ እንዳሉት ሰፍቷል። ሰማዩ ከጎባ ተራራ በኩል ጠቁሮ መጣ። ቄሱ እኛ እስክንመለስ ጠበቁ፤ ከዚያም ሰው እስኪሰበሰብ የቻሉትን ያህል ቆዩ፤ ዝናቡ ሲጀምር ግን መቃብሩ ውሃ ሊሞላ ነው አሉ። ቃሬዛውን ከድርና የጋሪው ሰው፣ ድንኳን የተከሉት ሁለት ጎረምሶች ያዙ። የሚቀይራቸው ሰው አልነበረም። በየቀብሩ ቃሬዛ ሲቀያየሩ ውሃ ስታቀብላቸው የኖረችውን ሴት ሳያርፉ ተሸክመው ወሰዷት። አፈር ካለበስናት በኋላ ነው የቤተ ክርስቲያኑ በር በሰው የተሞላው። በጭቃ፣ በዝናብ፣ ነጠላ አዘቅዝቆ፣ ከተማው ሁሉ። ከተማው ይገለበጣል ያልኳት አልቀረም፤ እሷ ግን አላየችውም። እኔ የራሴን አይቻለሁ።

ድንኳኑ ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሞላ። ሰው ሁሉ ሊያጽናና ይመጣና የሚያጽናናው ሰው ያጣል፤ ቀሪ የላትም። ግራ ገብቷቸው ዞር ዞር ይሉና በመጨረሻ እኔ ፊት ይቆማሉ። "እግዚአብሔር ያጽናዎት" ይሉኛል። ከድርም ሻይ አፍልቶበት ያ ስኳር አልቆ ሌላ ከረጢት አምጥቶ "አላህ ሰብሩን ይስጥዎት" አለኝ። አሜን እያልኩ ተቀበልኩ። ወራሽ ስላልነበራት ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልኳንም እኔው ተቀበልኩ።

አሁን ጡሩምባው በቆርቆሮ ቀጥቃጭ እጅ ተጠግኖ እኔ ቤት ነው። ናሆም ሙከራውን ለራሱ ስልክ ብቻ ያደርጋል። የጫልቱ ድምፅ ከተሰማ ሞት ነው፤ ማንም አይዘጋውም። ባለፈው ታዲያ ልጁ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ።

"አባባ፣ ሲስተሙ አንድ ስህተት ያሳየኛል፤ ከየት እንደመጣ አላገኘሁትም። አርፈዋል ተብለው የተመዘገቡ አንዲት እናት በተደወለላቸው ቁጥር ስልክ ያነሳሉ። እስከ መጨረሻው ያዳምጣሉ።"

"ስህተት አይደለም ልጄ። እኔ ነኝ።"

ቁልፎቹን ሲነካካ ይሰማኛል። ስሟን ከፍቶ የሚያይ መሰለኝ።

"እና... ላጥፋው?"

"ተው፣ አታጥፋው። ለቅሶ ቀርታ አታውቅም።"

አላጠፋውም። ስለዚህ አሁን ሰው ሲሞት ኪሶቼ ይጮሃሉ። እሄዳለሁ። በሐዘንተኞቹ ፊት አልፌ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" እልና፣ ዞሬ መጥቼ ሰልፉ መጨረሻ ላይ እንደገና እቆማለሁ። አንዱ እንግዳ ሰው "አባባ፣ ቅድም አልፈዋል እኮ" ብሎኝ ነበር። ሐዘንተኛዋ እጁን ያዝ አድርጋ "ተዋቸው፣ ይሄ የትርፌ ነው" አለችው።

በግራ ኪሴ የኔ ስልክ ነው፣ በቀኝ የእሷ። ለምን እንደሆነ ናሆምም አላወቀውም፤ የእሷ ሁልጊዜ ከኔ ቀድሞ ይጮሃል።